የዛፍ ወጪዎች ታሪክ በፓሲፊክ ዳርቻ

ከሰሜን ካሊፎርኒያ ተነሥቶ ኦሬገንንና ዋሽንግተንን አልፎ፣ የብሪቲሽ ኮሎምቢያን ደሴቶችና የባሕር ሰርጦች ተከትሎ እስከ አላስካ ደቡብ የሚዘልቀው የፓሲፊክ ውቅያኖስ ዳርቻ፣ ከባሕሩ የሚነሣው ደመና በተራሮቹ ግንባር እየተገታ ዝናሙን ያለ ስስት የሚያወርድበት ምድር በመሆኑ፣ በዓለም ላይ ካሉት ዕፅዋት ሁሉ እጅግ ረዣዥሞቹ የሚገኙት በዚያ ነው። ዳግላስ ፈርና ሲትካ ስፕሩስ የሚባሉት ዛፎች 60 እና 70 ሜትር መድረሳቸው እንደ ተራ ነገር የሚቈጠር ሲሆን፣ ከ90 ሜትር በላይ የሚረዝሙም አሉ፤ ቀይ ሴዳር የሚሉት ደግሞ፣ ስሙ አርዘ ሊባኖስን ቢያሳስብም በዘሩ ለእኛ አገር ጥድ የሚቀርብ ሆኖ፣ ሺህ ዓመት ያህል በአንድ ስፍራ ቆሞ የሚኖር ነው።

በዚህ ደን ውስጥ ዛፍ ላይ እየወጡ መሥራትን እንጀራቸው ያደረጉ ሰዎች ሙያ፣ አንድ መኪና የወለደው፣ ሌላ መኪና የገደለው፣ ሦስተኛም መኪና ከመቃብር ጠርቶ ያስነሣው ሙያ ነውና፣ ታሪኩን ለመተረክ የመኪኖቹን ታሪክ መከተል ግድ ይሆናል። ሆኖም ከመኪኖቹ ሁሉ አስቀድሞ ሰው በዚያ ነበረ። በቫንኩቨር ደሴት ምዕራባዊ ዳርቻ የሚኖሩት ኑቻኑልትና ጎረቤቶቻቸው የሆኑት ሌሎች የአገሩ ተወላጆች፣ ከቆመ ሴዳር ላይ በሽብልቅ ሳንቃ እየሰነጠቁ፣ ልጡንም ለልብስና ለገመድ እየገፈፉ፣ ዛፉን ሳይጥሉ የሚፈልጉትን ይወስዱ ነበር፤ ዛፉም ጠባሳውን ይዞ ማደጉን ይቀጥላል። ከ1846 በፊት እንዲህ የተገፈፈ ዛፍ ዛሬ በብሪቲሽ ኮሎምቢያ ሕግ እንደ ጥንታዊ ቅርስ ይጠበቃል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) ከዛፉ ተፈላጊውን ወስዶ ሌላውን እንደ ቆመ መተው የሚለው አሳብ ወደ ኋላ ተመልሶ ስለሚመጣ፣ አንባቢ ይህን በልቡ ይያዝልኝ።

ነጮቹ ሰፋሪዎች በ19ኛው ምዕት ዓመት መጥረቢያቸውን ይዘው በመጡ ጊዜ፣ ዛፉን መጣል ከባድ ቢሆንም የባሰው ድካም የተጣለውን ግንድ ከደኑ ማውጣት ነበር። በጭቃው ላይ እንጨት አጋድመው፣ እንጨቱን በዓሣ ዘይትና በሞራ እየቀቡ፣ ግንዱን በጥማድ በሬዎች ያስጐትቱ ነበር፤ ስለዚህም ከውኃ ዳር ጥቂት የራቀው ደን ሁሉ ሳይነካ ይኖር ነበር። በ1881 ጆን ዶልቢር የተባለው ሰው በካሊፎርኒያ፣ በዩሪካ ከተማ፣ ገመድ የሚጠቀልል የእንፋሎት መኪና ሠራ፤ ሠራተኞቹም ይህን መኪና «አህያ» ብለው ጠሩት። አህያው በሬዎቹን አባረረ፤ ነገር ግን የሚጐትተው ግንድ መሬት ለመሬት ስለሚሄድ፣ አፍንጫው በጕቶና በድንጋይ እየተሰካ፣ ገመድ እየበጠሰ ሰው ይጎዳ ነበር። እንግዲህ የግንዱ አፍንጫ ከመሬት ከፍ እንዲል፣ ገመዱ ከላይ መምጣት ነበረበት፤ ገመዱ ከላይ እንዲመጣም ከፍ ያለ ምሰሶ ያስፈልጋል፤ በዚያ ደን ውስጥ ደግሞ ከዛፉ ከራሱ የበለጠ ምሰሶ ከየት ይገኛል? በ20ኛው ምዕት ዓመት መጀመሪያ ዓመታት፣ ቀጥ ያለና ሥሩ የጸና አንድ ዛፍ ከደኑ መካከል እየተመረጠ፣ ቅርንጫፉ ተመልምሎና ራሱ ተቈርጦ፣ በጫፉ ላይ ታላቅ መዘውር ተሰቅሎለት፣ በዙሪያው ያለው ተራራ ሁሉ በእርሱ አማካይነት እንዲራገፍ ተደረገ። ዛፍ ወጪውም በዚህ ጊዜ ተወለደ።

ዛፍ ወጪው በጫማው ላይ ሹል ብረት አስሮ፣ ወገቡን በወፍራም ቀበቶ ታጥቆ፣ ከቀበቶው የሚነሣውን ገመድ በግንዱ ዙሪያ አሳልፎ፣ በየርምጃው ገመዱን ወደ ላይ እየወረወረ ይወጣል፤ በከፋና በሸካ ደን ቀፎ የሚሰቅሉ ሰዎች ግንዱን በገመድ ታቅፈው ሲወጡ ያየ ሰው የአወጣጡን ሥርዓት ለመገመት አይቸገርም። የዚህኛው ገመድ ውስጥ ግን ብረት ነው፤ ሰውየው በአንድ እጁ ምሳር እየሰነዘረ ቅርንጫፍ የሚመለምል በመሆኑ፣ ምሳሩ ስቶ ገመዱን ያገኘው እንደ ሆነ በሕይወትና በሞት መካከል ያለው ያ ብረት ብቻ ነበረና። ምሳሩና ረጅሙ መጋዝ ከቀበቶው በታች ተንጠልጥለው ይከተሉታል። እንዲህ እያለ 45 ወይም 60 ሜትር ያህል ከወጣ በኋላ፣ ከበላዩ የቀረውን የዛፉን ራስ፣ ይኸውም ራሱን ችሎ አንድ ሙሉ ዛፍ የሚያህለውን ክፍል፣ በአንድ ወገን በምሳር አፍ ከፍቶ፣ በሌላው ወገን በመጋዝ ይቈርጠዋል።

የዛፉ ራስ ሲጋደል ግንዱን ወደሚወድቅበት ወገን ይስበዋል፤ ሲለይ ደግሞ ግንዱ ሸክሙ ስለ ተነሣለት ወደ ኋላ ይፈናጠርና፣ ሰውየውን ተሸክሞ በሰማይ ላይ ብዙ ጊዜ ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛል። ባለሙያው ይህን መወዛወዝ አይፈራውም፤ የሚፈራው ሌላ ነው። ራሱ ሳይቈረጥ ግንዱ ከላይ ወደ ታች የተሰነጠቀ እንደ ሆነ፣ የግንዱ ውፍረት በቅጽበት ስለሚሰፋ፣ ሰውየውን ከዛፉ ጋር ያሰረው ያው የሚጠብቀው ገመድ ደረቱን በግንዱ ላይ ይጨፈልቀዋል። ይህን አደጋ ለማራቅ በመጋዝ ፈንታ በራሱ ዙሪያ ድማሚት እያሰሩ የሚያፈነዱም ነበሩ። ሥራው ተፈጽሞ ግንዱ በጸና ጊዜ፣ ዛፍ ወጪው ከ60 ሜትር ከፍታ በተቈረጠው ገጽ ላይ ቆሞ ባርኔጣውን ማውለብለቡ የተለመደ ነበር፤ በራሱ ተዘቅዝቆ የቆመም እንደ ነበረ ይተረካል። በደኑ ሠራተኞች ዘንድ ደመወዙ ከከፍተኞቹ አንዱ፣ ክብሩም ከሁሉ የላቀ ሆነ። ዳርየስ ኪንሲ የተባለው ፎቶግራፍ አንሺ ከባድ መሣሪያውን ተሸክሞ በዋሽንግተን ደኖች ውስጥ እየዞረ ያነሣቸው ሥዕሎች የዚያን ዘመን ሰዎች መልክ እስከ ዛሬ አቆይተውልናል።

ስለ ክብሩ ይህን ያህል ካልሁ፣ የክብሩ ባለቤቶች እንዴት ይኖሩ እንደ ነበር መናገር ተገቢ ነው። የደኑ ሠራተኛ የመኝታ ልብሱን በጀርባው ተሸክሞ ከሰፈር ወደ ሰፈር ይዞር ነበር፤ በጠባብ ቤት ውስጥ በተደራረበ ቆጥ ላይ፣ ርጥብ ልብሱ በምድጃው ዙሪያ እየተነነ፣ ከቅማል ጋር ይተኛል፤ የሥራውም ቀን 10 ሰዓትና ከዚያ በላይ ነበር። በ1917 በጋ የደን ሠራተኞች ማኅበራት በመላው ሰሜን ምዕራብ ሥራ አቆሙ። ጊዜው አሜሪካ ወደ አንደኛው የዓለም ጦርነት የገባችበት ነበር፤ የአውሮፕላኖች አጥንት ደግሞ በዚያ ዘመን እንጨት ነበር፤ ከእንጨቱም ሁሉ የተመረጠው፣ ቀላል፣ ብርቱና ቀጥ ያለ በመሆኑ፣ ሲትካ ስፕሩስ ነበር። ስለዚህ የጦር ሚኒስቴሩ በኮሎኔል ብራይስ ዲስክ አዛዥነት የስፕሩስ አምራች ክፍለ ጦር አቋቁሞ፣ ወደ 30,000 የሚጠጉ ወታደሮችን ወደ ደኑና ወደ መሰንጠቂያዎቹ አሰማራ፤ በመጋቢት 1918 ም የስምንት ሰዓት የሥራ ቀን ጸና። ሠራተኛው በአድማ የጠየቀውን በጦርነቱ ምክንያት አገኘ ማለት ነው። ከዚያ ደን የወጣው ስፕሩስ በአውሮፓ ሰማይ ላይ የበረሩትን አውሮፕላኖች ክንፍ ተሸከመ፤ ዛፉን ቈርጠው ያወረዱት ሰዎች ግን፣ ከዛፍ ጫፍ ከፍ ብለው ሳይበሩ የሞቱ ብዙዎች ነበሩ።

ስለ ደኑም አንድ ነገር አለ። ባለምሰሶው አሠራር ግንዱን በፍጥነትና በኀይል ስለሚስበው፣ በመንገዱ ያገኘውን ለጋ ዛፍ ሁሉ ይሰብራል፤ ይህም በሆነ ጊዜ አንዱን ቈርጦ ሌላውን መተው ትርጕም ስላልነበረው፣ ተራራውን በአንድ ጊዜ መላጨት ልማድ ሆነ። ዛፍ ወጪው የአንዱን ዛፍ ራስ የሚቈርጠው በዙሪያው ያሉት ሁሉ እንዲወድቁ ነበር።

የሙያው ሞት ከሩቅ አልመጣም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ ይልቁንም ከ1950ዎቹ መጨረሻ ወዲህ፣ በመኪና ላይ ተጭኖ የሚሄድ የብረት ምሰሶ ተሠራ፤ ዛፍ መርጦ፣ መልምሎና ገመድ ዘርግቶ ማዘጋጀት ቀናት ይፈጅ የነበረውን፣ የብረቱ ምሰሶ በሰዓታት ውስጥ ቆሞ ሥራውን ይጀምራል፤ ሲጨርስም ታጥፎ ይሄዳል። ዛፍ ወጪነት ከደኑ ወጥቶ በየበዓሉ ላይ የሚታይ የውድድር ጨዋታ ሆነ፤ ሰዎች በተተከለ እንጨት ላይ በሰኮንድ እየተቈጠረላቸው እየወጡ ሽልማት ይቀበሉበት ጀመር።

ሦስተኛው መኪና የተፀነሰው ከደኑ ርቆ ነው። በኪየቭ የተወለደው መሐንዲስ ኢጎር ሲኮርስኪ በ1939 በአሜሪካ የመጀመሪያይቱን ሄሊኮፕተሩን አነሣ፤ በ1957 ም ዌስ ለማታ የተባለ ወጣት በኦሬገን አንዲት ትንሽ ሄሊኮፕተር ገዝቶ ኮሎምቢያ ሄሊኮፕተርስ የተባለውን ድርጅት ጀመረ። በዚያው ዓመት በኩስ ቤይ ወደብ አንዲት የወደብ መቈፈሪያ መርከብ ከሌላ መርከብ ጋር ተጋጭታ በሰጠመች ጊዜ፣ ባሕርተኞቹን በዚያች ትንሽ ሄሊኮፕተር እየተመላለሰ አውጥቶ ስሙ ተጠራ። ለእኛ ነገር የሚጠቅመው ግን ሌላው ብልሃቱ ነው፤ ይኸውም አብራሪው ራሱን በጎን መስኮት አውጥቶ በቀጥታ ወደ ታች እየተመለከተ፣ በረጅም የብረት ገመድ ጫፍ የተንጠለጠለውን ሸክም ያለ ሌላ ሰው ምልክት በራሱ ዐይን እንዲመራ ማድረጉ ነበር። ገመዱ ከ45 እስከ 90 ሜትር ስለሚረዝም፣ ሄሊኮፕተሩ ከዛፎቹ ጫፍ በላይ ቆሞ ሳለ መንጠቆው በግንዶቹ መካከል ወርዶ እስከ ምድር ይደርሳል።

በ1971 ለማታ በካሊፎርኒያ፣ በፕሉማስ ደን፣ ጃክ ኤሪክሰን ከተባለው የእንጨት ነጋዴ ጋር ሆኖ፣ ሲኮርስኪ ኤስ 61 በተባለች ሄሊኮፕተር ግንድ ማውጣት ለንግድ የሚያዋጣ መሆኑን አሳየ። ኤሪክሰንም ብዙም ሳይቆይ በቬትናም ጦርነት ያገለገለችውንና የወደቁ አውሮፕላኖችን ስታነሣ የነበረችውን ግዙፏን ኤስ 64 ወደ ደኑ አመጣ፤ ይህች መኪና 9 ቶን፣ ማለት 90 ኩንታል፣ በአንድ ጊዜ ታነሣለች፤ የበረታችው እኅቷም ከ11 ቶን በላይ ትችላለች። በ1993 በዋሽንግተን ከተማ ከአሜሪካ ኮንግረስ ሕንፃ ጕልላት ላይ የነፃነትን ሐውልት ለእድሳት ያወረደችው ይህችው ግንድ ተሸካሚ ነበረች። በብሪቲሽ ኮሎምቢያ ደግሞ 5 ቶን የምታነሣው የሩሲያ ሥራ ካሞቭ ተለመደች። መንገድ ቢቈረጥባቸው ናዳ የሚወርድባቸው ገደላማ ተራሮች፣ ሳልሞን ዓሣ የሚራባባቸው ጅረቶች ያሉባቸው ሸለቆዎች፣ ከዚህ በኋላ ያለ መንገድ የሚደረስባቸው ሆኑ።

እስከዚህ ድረስ ግን ሄሊኮፕተሩ ያነሣ የነበረው አስቀድሞ የተጣለውን ዛፍ ነው። ዛፍ ወጪው የተመለሰበትን ምክንያት ለመረዳት፣ ደኑን በሚመለከቱ ሰዎች ልብ ውስጥ የሆነውን ለውጥ ማየት ያስፈልጋል፤ በዚህም ውስጥ አንድ ዛፍ ወጪ ሳያስበው ድርሻ አለው። ማርብልድ መረሌት የምትባል ትንሽ የባሕር ወፍ ጎጆዋን የት እንደምትሠራ የአእዋፍ ሊቃውንት ለብዙ ዘመን ፈልገው በሰሜን አሜሪካ አላገኙትም ነበር። በ1974 በካሊፎርኒያ፣ በቢግ ቤዚን መናፈሻ፣ የደረቀ ቅርንጫፍ ሊቈርጥ አርባ አምስት ሜትር ያህል የወጣ ሠራተኛ፣ በአንድ ሽበታም ዳግላስ ፈር ቅርንጫፍ ላይ በዛፍ ሽበት ሽፋን ውስጥ የተቀመጠች ጫጩት አገኘ። ወፊቱ ከባሕር እየበረረች መጥታ የምትራባው በጥንታዊ ዛፎች ወፋፍራም ቅርንጫፎች ላይ መሆኑ በዚህ ታወቀ፤ እንዲህ ያሉት ዛፎች ሲያልቁ እርሷም የምታልቅ መሆኗ ግልጽ ሆነ፤ በካናዳ በ1990፣ በአሜሪካም በ1992 የመጥፋት ሥጋት ካለባቸው ወገን ተመዘገበች። በ1993 ደግሞ በቫንኩቨር ደሴት፣ በክላዮኳት ሰርጥ፣ ደኑ እንዳይላጭ በመንገድ ላይ የተቀመጡ ከ800 በላይ ሰዎች ተያዙ። የብሪቲሽ ኮሎምቢያ መንግሥትም በ1995 አዲስ የደን አያያዝ ሕግ በሥራ አዋለ፤ በ1998 ታላቁ የእንጨት ድርጅት ማክሚላን ብሎዴል ደኑን መላጨት ቀስ በቀስ እንደሚተው አስታወቀ። አሁን የሚጠየቀው፣ ጎረቤቶቹን ሳይነኩ አንዱን ዛፍ ብቻ ከመካከላቸው ማውጣት ሆነ።

መልሱ ዛፉን ሳይጥሉ፣ እንደ ቆመ፣ ከላይ ይዞ ማንሣት ነው። ይህ አሠራር በብሪቲሽ ኮሎምቢያ ዳርቻ በ1990ዎቹ መጨረሻ ሲስፋፋ፣ መኪናው ብቻውን ምንም እንደማይችል ታየ። ዛፉ ምን ያህል እንደሚመዝን ከምድር ቆሞ የሚያውቅ የለም፤ ሄሊኮፕተሩ ደግሞ ከዐቅሙ ያነሰ ቢያነሣ በሰዓት በብዙ ሺህ ዶላር የሚቈጠረውን ወጪ አይሸፍንም፤ ከዐቅሙ የበለጠ ቢይዝ የሰውና የመኪና ጥፋት ነው። ስለዚህ አንድ ሰው በጫማው ሹል ብረት አስሮ፣ ገመዱን በግንዱ ዙሪያ አሳልፎ፣ እንደ ቀድሞው ወደ ላይ መውጣት አለበት። ከምሳሩና ከረጅሙ መጋዝ ፈንታ ከቀበቶው የሚንጠለጠለው ትንሽ የሞተር መጋዝ ነው። ቅርንጫፎቹን እየመለመለ ይወጣል፤ የግንዱን ውፍረት እየለካ፣ የዛፉን ዓይነት ክብደት እያሰበ፣ የቀረው ግንድ ከሄሊኮፕተሩ ዐቅም ጋር በሚስማማበት ቦታ ላይ የዛፉን ራስ ይቈርጣል፤ በሄሊኮፕተሩ ገመድ ጫፍ ያለው የብረት ጥፍር ከላይ ወርዶ የሚጨብጠውን ስፍራ አጥርቶ ይወርዳል። ቀጥሎ ቈራጮቹ ዛፉን ከሥሩ ያርዱታል፤ ነገር ግን ቆሞ የሚያቆየውን ያህል ጅማት በልክ ይተዉለታል፤ በሽብልቅም ይደግፉታል። ሰው ሁሉ ከስፍራው ከራቀ በኋላ ሄሊኮፕተሩ ይመጣና ጥፍሩን በግንዱ ጫፍ ላይ አሳርፎ፣ ጨብጦ፣ የቀረውን ጅማት በጥሶ፣ ዛፉን እንደ ቆመ ወደ ሰማይ ያነሣዋል፤ ወደ ባሕሩ ሰርጥ ወስዶም ይለቀዋል። በገደል ላይ ሲጣል ብዙ ጊዜ ይሰባበር የነበረው ሴዳር በዚህ መንገድ ሳይሰበር መውጣቱ ለነጋዴው ትልቅ ትርፍ ነው። ከዐቅም በላይ የሆነው ዛፍ እንደ ጥንቱ ተጥሎ በቁራጭ ይወሰዳል።

የዛፍ ወጪው ኑሮም ከአያቶቹ ኑሮ በአንድ በኩል እጅግ የራቀ፣ በሌላው በኩል ያው ነው። ሰፈሩ መንገድ በማይደርስበት የባሕር ሰርጥ ውስጥ በውኃ ላይ የተንሳፈፈ ቤት ነው፤ የሚመጣበት በጀልባ ወይም በውኃ ላይ በምታርፍ አውሮፕላን ነው፤ ንጹሕ አልጋና መልካም ምግብ ያገኛል፤ ጧት ትንሽ ሄሊኮፕተር ወደ ተራራው ታወጣዋለች። ከዚያ በኋላ ግን እሾሃም ቍጥቋጦውን እየጣሰ ከዛፍ ወደ ዛፍ ይሄዳል፤ ዝናም ቅርፊቱን ሲያለሰልሰው የጫማው ብረት ይንሸራተታል፤ የበሰበሰውን እንጨት ከጤነኛው በድምፁ ይለያል። የሄሊኮፕተሩ ክንፍ ነፋስ በአካባቢው የተንጠለጠሉትን ደረቅ ቅርንጫፎች ስለሚያራግፍ፣ ከዚያ ነፋስ መራቅ የሕይወት ጕዳይ ነው። ከሁሉ ይልቅ የሚከብደው፣ በ50 ሜትር ላይ የተጎዳን ሰው ሊያወርድ የሚችለው ሌላ ዛፍ ወጪ ብቻ መሆኑ፣ ከዛፉ ከወረደም በኋላ ደመና ዝቅ ብሎ በረራ የተከለከለ እንደ ሆነ ሐኪም ቤቱ ሩቅ መሆኑ ነው።

ይህን አሠራር የሚያመሰግኑ ሰዎች ደኑ ቆሞ መቅረቱን ያሳያሉ፤ እውነታቸውን ነው። እኔ ግን ምስጋናውን ሁሉ ከማጽደቄ በፊት የሄሊኮፕተሩን የገንዘብ ወጪ እመለከታለሁ። ሄሊኮፕተር ውድ ነውና ርካሽ ዛፍ አያነሣም፤ ስለዚህ ከመቶ ዛፎች መካከል የሚመረጠው ወፍራሙ፣ ቀጥ ያለው፣ ጤነኛውና ያረጀው ሴዳር ነው፤ የሚተወው ጠማማውና ሄምሎክ የሚባለው ርካሹ ዛፍ ነው። ከሩቅ ሲያዩት ደኑ እንደ ነበረ ነው፤ በመርከብ የሚያልፈው አገር ጎብኚም ጕድለቱን አያይም፤ ዘር ሊሰጥ የሚገባው አባት ግን ከመካከሉ ተወስዷል። የጥንት ተወላጆች ከዛፉ ሳንቃ ወስደው ዛፉን ተዉ፤ የእኛ ዘመን ሰዎች ዛፉን ወስደው ደኑን ተዉ፤ ሁለቱ አንድ ናቸው ብሎ ለመናገር ብዙ ድፍረት ይጠይቃል። በ2021 የብሪቲሽ ኮሎምቢያ መንግሥት 2.6 ሚሊዮን ሄክታር ጥንታዊ ደን ለጊዜው ሳይቈረጥ እንዲቆይ ያቀረበውም ይህ ክርክር ገና ስላላለቀ ነው።

የዛፍ ወጪው እንጀራ በዚህ ሁሉ መካከል በሴዳር ዋጋ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ዋጋው ሲወድቅ ሄሊኮፕተሮቹ መንጠቆአቸውን ፈትተው፣ በሆዳቸው የውኃ ጋን ታስሮላቸው ወደ ሰደድ እሳት ማጥፋት ይሄዳሉ፤ ዛፍ ወጪው ወደ ከተማ ወርዶ በቤቶች ላይ ያዘነበሉ ዛፎችን ይመለምላል፣ ለችግኝ ጣቢያዎች የዘር ፍሬ ይለቅማል። አንዳንዱም የደን ጠባቂዎች ቀጥረውት፣ ቀድሞ ደኑ ተላጭቶ በበቀለበት ስፍራ፣ የጤነኛ ዛፍ ራስ እየቈረጠ ዛፉ ቆሞ እንዲደርቅ ያደርጋል፤ በደረቀ ግንድ ጕድጓድ ውስጥ የሚኖሩት ግንደ ቆርቁርና ጕጕት ቤት ስላጡ ነው።